በሰፈር ባዶ ቦታ ላይ ትንሽ መናፈሻ መሥራት፦ ከጥቅምት ደብዳቤ እስከ ሐምሌ ችግኝ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶም ሆነ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በገላን፣ በብሎኮችና በግቢዎች መካከል ክፍት የቀሩ ቦታዎች ዕጣ ይመሳሰላል። ሐምሌ ላይ ነዋሪው ተሰብስቦ ችግኝ ይተክላል። መስከረም ላይ አረሙ ችግኙን ይውጠዋል፣ ታኅሣሥ ላይ በግና ፍየል ይቀጥፈዋል፣ የተረፈውን የመጋቢት ፀሐይ ያደርቀዋል። በሚቀጥለው ሐምሌ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ችግኝ ይገባል። ጥፋቱ የሰው ስንፍና አይደለም፤ የሥራው ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። ተከላ የመናፈሻ ሥራ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። መጀመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ የውሃ መውረጃ፣ ከዚያ መንገድና መቀመጫ፣ ከዚያ የበጋ ውሃ ከየት እንደሚመጣ መወሰን፤ ችግኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ጥቅምት ላይ ነው።

ጥቅምት የተመረጠበት ሌላም ምክንያት አለ። በከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ ያለው አፈር በአብዛኛው ጥቁር፣ መረሬ ነው። በክረምት መኪና አያስገባም፤ በየካቲት ደግሞ ዶማ የማይበሳው ድንጋይ ይሆናል። ለቁፋሮ የሚመቸው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት አምስትና ስድስት ሳምንታት፣ እርጥበቱ ገና ሳይለቀው ነው። ያ ጊዜ ካመለጠ የአንድ ቀን ቁፋሮ ሦስት ቀን ይፈጃል።

ቦታው የማን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ «ባለቤት የለውም» የሚባል ቦታ የለም፤ ያልታጠረ ቦታ ሁሉ በአንድ ቢሮ ካርታ ላይ የሆነ ስም አለው። ለትምህርት ቤት ወይም ለመንገድ የተያዘ፣ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍበት፣ የውሃ ወይም የፍሳሽ ቱቦ የተቀበረበት ሊሆን ይችላል። ወረዳው መሬት ክፍል ሄዳችሁ የቦታው አገልግሎት ምን ተብሎ እንደተመዘገበ ጠይቁ። አዲስ አበባና ሸገር ከተማ በሚዋሰኑበት አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ቦታው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ በቅድሚያ አረጋግጡ፤ ደብዳቤ ለማይመለከተው ቢሮ አስገብቶ ወራት መጠበቅ ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል። ቦታው የኮንዶሚኒየም ግቢ አካል ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር የጋራ መጠቀሚያውን የማስተዳደር ሥልጣን ስላለው፣ ጥያቄው በማኅበሩ በኩል ይቅረብ።

በደብዳቤው ላይ ቦታው «ይሰጠን» አትበሉ። «እንድናለማና እንድንንከባከብ ይፈቀድልን» በሉ። ሁለቱ በቢሮ ዓይን ፈጽሞ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ነዋሪው የፈረመበት ቃለ ጉባኤ፣ በሜትር ተለክቶ በእጅ የተሳለ ንድፍ፣ እንዲሁም የአራቱን ማዕዘን መገኛ ከስልክ ካርታ ላይ ወስዳችሁ አያይዙ። መልሱን በጽሑፍና በማኅተም ተቀበሉ፤ የቃል ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። በቦታው ላይ ክፍል፣ ሱቅ ወይም የጥበቃ ቤት አትሥሩ። አንድ የቆርቆሮ ክፍል እንኳ የመሬት ወረራ ያስመስላል፤ ለማፍረስ የሚመጣ ሰው ደግሞ መናፈሻውን ለይቶ አይተውም።

ሰው ቦታውን አሁን በምን ይጠቀምበታል?

ንድፍ ከማውጣታችሁ በፊት ቦታውን ለአንድ ሳምንት፣ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ተመልከቱ። ሰው ወደ ታክሲ፣ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ወደ ትምህርት ቤት አቋርጦ የሚሄድበት ጠባብ መንገድ መሬቱ ላይ ተሥሎ ታገኙታላችሁ። መንገዳችሁን እዚያው ላይ አድርጉት። ለውበት ብላችሁ ካጠመማችሁት ሰው የቀደመ መንገዱን አይተውም፤ አበባውን ረግጦ ያልፋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ድንኳን ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ለቅሶና ሠርግ የሚስተናገደው በባዶ ቦታ ላይ ነው። ለእድሩ ድንኳን ቦታ ያልተወ መናፈሻ በመጀመሪያው ለቅሶ ካስማ ይተከልበታል፤ ሐዘንተኛን ደግሞ ማንም ሊከለክል አይችልም፣ አይገባምም። ስለዚህ 8 በ12 ሜትር የሚሆን፣ መኪና የሚጠጋበት፣ ዛፍም አግዳሚም የሌለበት ደልዳላ ቦታ ከመጀመሪያው ለዩ። በዚያው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ መስከረም 16 ደመራም ይቆምበታል። እሳቱ የሚያርፍበትን መሬት ሣር ሳይሆን ጠጠር አልብሱት።

ከዚህ በታች ያለው ስሌት 20 በ25 ሜትር፣ ማለትም 500 ካሬ ለሆነ ቦታ ነው። ቦታችሁ ቢሰፋም ቢጠብም በዚሁ ልክ አስሉት።

ጽዳትና ውሃ መውረጃ

ባዶ ቦታ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የግንባታ ትርፍ የተጣለበት ቦታ ነው። ጠርሙስ፣ ሚስማርና ቁራጭ ብረት ልጅ ከመግባቱ በፊት መለቀም አለበት፤ ላይ ላዩን ብቻ ሳይሆን ልጆች በሚጫወቱበት በኩል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ገልብጣችሁ ፈትሹ። የብሎኬትና የድንጋይ ስብርባሪውን አታስጭኑት፤ ከመንገዱ ሥር ይገባል። የጠጠረ ሲሚንቶና የኖራ ትርፍ ግን ዛፍ ከሚተከልበት አርቁ፣ አፈሩን ያበላሸዋል። ፕላስቲክ በቦታው አታቃጥሉ። ቆሻሻ ይጣልበት የነበረ ጥግ ካለ፣ ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሩ የቆሻሻ ጆንያ የሚቀመጥበት ሌላ ቋሚ ቦታ እስካልተዘጋጀ ድረስ ቆሻሻው እዚያው ይመለሳል።

ለውሃው፣ ከፍታና ዝቅታውን በዓይን አትገምቱ። ጥቁር አፈር ላይ ዓይን ያታልላል። ውሃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ በሁለት እንጨት ላይ አስራችሁ ለኩ፤ ግንበኞች ሁሉ ያውቁታል። መሬቱ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ አንድ ቦይ እንዲፈስ አስተካክሉ። ከላይ በኩል ጎርፍ የሚመጣ ከሆነ መናፈሻው ውስጥ ሳይገባ የሚያስቀር ቦይ ከላይኛው ወሰን ላይ ቆፍሩ፦ ከላይ 60፣ ከታች 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ጥልቀት፣ ጎንና ጎኑ በድንጋይ የተለበጠ። ቦዩ የሚያበቃው በመንገድ ዳር ፍሳሽ እንጂ በጎረቤት አጥር ሥር መሆን የለበትም። ሰፈር ከሰፈር የሚጣላው በዚህ ነው።

መንገድ

መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ ኮንክሪት በቀጥታ ካፈሰሳችሁ በሁለተኛው ዓመት እንደ ሰሐን ይሰበራል። ኮብልስቶን የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ መሬቱ ሲነሣና ሲወርድ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ የተበላሸውም ተነቅሎ ይነጠፋል።

45 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 67 ካሬ ያህል ነው። ስፋቱ ከዚህ አይነስ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን፣ የተሽከርካሪ ወንበር ያለው ሰውም እንዲያልፍ። 40 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ። 25ቱን ገረጋንቲ (ጠጠር የተቀላቀለበት የመንገድ አፈር) ወይም ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ሙሉና በሁለት ዙር እየረጫችሁ ጠቅጥቁ። በአንድ ዙር ከተጠቀጠቀ ከላይ ይደርቃል፣ ከሥር ባዶ ይሆናል። በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትሩ ድንጋይ። የተጠቀጠቀው ገረጋንቲ ወደ 17 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ ሲጠቀጠቅ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚቀንስ 21 ሜትር ኩብ እዘዙ። አንድ ሲኖትራክ ወደ 16 ስለሚጭን አንድ ተኩል ጭነት መሆኑ ነው፤ የሚተርፈው ለአግዳሚዎቹ መሠረት ይሆናል። አሸዋው 3.5 ሜትር ኩብ ይበቃል። ኮብልስቶን በካሬ ከ80 እስከ 90 ፍሬ ይፈልጋል፤ ለዚህ መንገድ 5,700 ያህል።

ጠርዙን አትርሱ። በሁለቱም ጎን በሲሚንቶ የተያዘ የድንጋይ ጠርዝ ከሌለ ንጣፉ ወደ ጎን እየተከፈተ ይሄዳል፤ በብዙ ሰፈሮች የተበታተነው ኮብል ከመሃል ሳይሆን ከዳር ጀምሮ ነው የፈረሰው።

መቀመጫና መጫወቻ

የብረት አግዳሚ ይሰረቃል፣ የእንጨት ይበሰብሳል ወይም ምስጥ ይበላዋል። ለዳርቻው ሰፈር የድንጋይ መደብ የሚወዳደረው የለም፦ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 40 ስፋት፣ 2 ሜትር ርዝመት። ግንቡ በ1 ለ4፣ ልስኑ በ1 ለ3 ሲሚንቶና አሸዋ። መሠረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይቆፈርና 30ው ገረጋንቲ ይሞላል። ርዝመቱን አትቀጥሉት፤ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ባለ 10 ሜትር መደብ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ባለ 2 ሜትር አምስት መደብ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይነሣል፣ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ነው፤ ቢያንስ ሁለቱን መደቦች የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝ በኩል አድርጉ፣ አረጋውያን የሚመጡት ለፀሐይዋ ነው። የቀሩት ጥላ ሥር ይሁኑ።

ለልጆች አንድ ጥሩ ዥዋዥዌ ከአምስት ደካማ ዕቃ ይሻላል። ሰንሰለቱ የሚንጠለጠልበት ብረት ከመሬት 2 ሜትር ከሆነ፣ ከፊቱ 4 ሜትር ከኋላውም 4 ሜትር ምንም ነገር አይኑር፤ በጎኖቹ ደግሞ 1.8 ሜትር። ለሁለት መቀመጫ 53 ካሬ ያህል ነው። ይህ ሁሉ 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይለብሳል፤ 16 ሜትር ኩብ፣ አንድ ሙሉ ሲኖትራክ። አሸዋው የሚበዛ ይመስላል፣ ግን ልጅ በጭንቅላቱ ሲወድቅ የሚያድነው እሱ ብቻ ነው። የቋሚዎቹ ጉድጓድ 1 ሜትር ይጥለቅ፤ ኮንክሪቱ 1 ሲሚንቶ ለ2 አሸዋ ለ3 ጠጠር ሆኖ አናቱ ከአሸዋው በታች ይቀበር። ከአሸዋው በላይ ብቅ ያለ ኮንክሪት ያየንባቸው መጫወቻዎች ብዙ ናቸው፤ ይህ በጣም ያሳዝናል፣ አደጋውን በገንዘባችን እየገነባን ነውና። ብሎኑን በብየዳ ዝጉት። አሮጌ ጎማ ከተጠቀማችሁ ሽቦው ያልወጣውን ምረጡ፣ ታቹን ብሱት፤ ካልተበሳ ዝናብ ያቁርና ትንኝ ያፈላል።

ተከላ

«እያንዳንዱ ቤት አንድ ችግኝ» የሚለው ሐሳብ መልካም ቢመስልም 80 ቤት ባለው ሰፈር ለ500 ካሬ 80 ዛፍ ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ እርስ በርስ ተፋፍነው ቀጭን አጣና ይሆናሉ፤ ሥራቸውም ጥቁሩን አፈር እያደረቀ የቤት መሠረት ያሰነጥቃል። ለዚህ ቦታ ከ10 እስከ 12 ዛፍ፣ በ6 ሜትር ርቀት፣ ይበቃል። ከሕንፃ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቁ፤ በኤሌክትሪክ መስመር ሥር ቁጥቋጦ እንጂ ዛፍ አትትከሉ።

ምን ይተከል? ወይራ በሁሉም የዳርቻ ሰፈር ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ግን የልጅ ልጅ ያየዋል። ቶሎ ጥላ ለሚፈልግ ግራር ወይም ብሳና። በአቃቂና በገላን በኩል ሞቅ ስለሚል ዋንዛ ያምራል። በሱሉልታና በእንጦጦ ሥር ውርጭ ስላለ ጥድና ኮሶ ይቀድማሉ፤ ጥድ ግን ውሃ የሚቋጥር መሬት አይወድም። ቁንዶ በርበሬ ድርቅ ይችላል። ባሕር ዛፍ እዚህ ቦታ የለውም። ዋርካና ሾላም እንዲሁ፣ ሰፊ ሜዳ የሚፈልጉ ዛፎች ናቸው።

ለዙሪያ አጥር ሰንሰልን የሚያህል የለም። ከብት አይበላውም፣ ሰኔ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ቅርንጫፍ ቆርጦ መሰካት ብቻ ነው። ክትክታም ድርቅ የለመደ ነው። በመንገዱ ዳር የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና አሪቲ አስቀምጡ፤ ሰው ለቡናውና ለቄጠማው እየቀነጠበ ስለሚወስድ አብሮ ይጠብቀዋል። ልጆች ባሉበት የማይገቡ ደግሞ አሉ፦ ቅንጭብ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሎ ፍሬው መርዝ ነው፣ አስተናግርም መርዝ ነው፣ የወፍ ቆሎ ደግሞ ጥሬ ፍሬው ከመመረዙ በላይ ሜዳውን ሁሉ ይወርራል።

በቀይ አፈር ላይ ጉድጓዱ 50 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ግንቦት ላይ ይቆፈር፤ ሦስት እጅ አፈር ከአንድ እጅ የበሰለ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ ይመለስበት። ፍግ በዳርቻው ካሉ የወተት ላም አርቢዎች ይገኛል፣ ነገር ግን ቢያንስ ሦስት ወር የቆየ ይሁን፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል።

በመረሬ ላይ ግን ይህን አታድርጉ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በፍግና በአሸዋ መሙላት ገንዳ መሥራት ነው፤ የክረምቱ ውሃ ከዙሪያው ወደ ለስላሳው አፈር ይገባል፣ መውጫ የለውም፣ ችግኙ በነሐሴ ቢጫ ሆኖ ይሞታል። ሰዎች «ውሃ አነሰው» ብለው ይጨምሩበታል። በምትኩ መሬቱን ላይ ላዩን አላልታችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ሥሩ፤ ችግኙን ጉብታው ላይ ትከሉ።

ችግኙ ግንዱ እንጨት የሆነ፣ ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ይሁን። የአረንጓዴ አሻራ ችግኝ በነጻ ስለሚገኝ ብቻ ስንዝር የምታህለውን አትውሰዱ፤ ያችን በግቢ ውስጥ ለአንድ ዓመት አሳድጓት። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቀዳችሁ አውጡ። ሥሩ ከታች ተጠምዝዞ ከሆነ ጠምዛዛውን በምላጭ ቁረጡ፤ ካልተቆረጠ እየወፈረ ሄዶ ዛፉን ራሱን ያንቃል። አንገቱ ከአፈሩ እኩል ይሁን፣ አይቀበር። የተከላው ቀን ከሐምሌ አጋማሽ አይለፍ፤ ሥሩ ዝናቡ ሳያበቃ ሁለት ወር ማግኘት አለበት። እያንዳንዱን ዛፍ በአራት አጣናና በሽቦ እጠሩ፣ 1.5 ሜትር ከፍታ። ፍየል በኋላ እግሯ ትቆማለች።

የበጋው ውሃ

ብዙው መናፈሻ የሚሞተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቁጥሩን በጥንቃቄ እዩት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንድ ዛፍ በሳምንት 20 ሊትር፣ አንድ ቁጥቋጦ 5 ሊትር ይፈልጋል። 12 ዛፍ 240 ሊትር፣ 60 ቁጥቋጦ 300 ሊትር፤ ድምሩ 540 ሊትር ወይም 27 ጀሪካን በሳምንት። በሰፈሩ 80 ቤት ካለ እያንዳንዱ በሦስት ሳምንት አንዴ አንድ ጀሪካን ማምጣት ነው። ይህን ቁጥር በስብሰባ ላይ ተናገሩ፤ ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ሸክም ነው። የልብስ መጨረሻ ማለቅለቂያ ውሃ ይሆናል፤ በረኪና የገባበት ግን አይሆንም።

ሣር ግን ሌላ ነገር ነው። 100 ካሬ ሣር በበጋ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በቀን 300 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ በሳምንት ከ100 ጀሪካን በላይ፣ ከዛፎቹና ከቁጥቋጦዎቹ ድምር አራት እጥፍ ማለት ነው። ውሃ በሳምንት አንድና ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትክክል አይደለም። ሰርዶ ዝሩ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ቢጫ ይሁን፣ ተዉት። ሥሩ አይሞትም፤ በበልጉ ጠብታ ይመለሳል።

ከጣሪያ ውሃ ማጠራቀም የምትችሉ ከሆነ አንድ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ አቁሙ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው፤ የሚባክነውን ቀንሳችሁ 100 ካሬ ጣሪያ ሮቶውን በ60 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላዋል። በነሐሴ ከ200 በላይ ስለሚዘንብ ሮቶውን በወሩ መጀመሪያ አጥባችሁ እንደገና እንዲሞላ ተዉት። የሞላ ሮቶ ለዘጠኝ ሳምንት ይበቃል፣ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ያደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጀሪካኑ ወይም ቦቴው ይሸፍናል።

ሲጠጣ በሳምንት አንዴ በርከት ተደርጎ፣ ማታ ላይ ይሁን። በየቀኑ አንድ ጣሳ ማፍሰስ ሥሩን ወደ ላይ ያመጣዋል፤ አንድ ሳምንት ሲቋረጥ ይደርቃል። የግንዱን ዙሪያ 8 ሴንቲ ሜትር ጭድ ወይም ደረቅ ሣር አልብሱት፣ ግንዱን ግን አያስነኩት። ጥቁር አፈር ሲሰነጠቅ ሥር ይበጥሳል፤ ጉዝጓዙ መሬቱን ጥላ ሆኖ ስንጥቁን ያቀልለዋል። ታቹ በመርፌ የተበሳ የሃይላንድ ፕላስቲክ ከጎኑ ቀብራችሁ ብትሞሉት ውሃው ቀስ ብሎ ሥሩ ዘንድ ይደርሳል። ያልተለበጠ የሸክላ ማሰሮም እንዲሁ፣ ከፕላስቲኩ ይልቅ ይቆያል፤ አፉን ክደኑት።

ከዚያ በኋላ

ጥበቃውንና ገንዘቡን ለእድሩ ስጡ። ሒሳብ የያዘ፣ ሰው የሚያምነውና በየወሩ የሚሰበሰብ ሌላ አካል በሰፈሩ የለም፤ አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም ብዙ ጊዜ ከአንድ ክረምት አያልፍም። ቁጥቋጦው ከ80 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ከርክሙ፣ የዛፉ የታችኛው ቅርንጫፍ እያደገ ሲሄድ እስከ 2 ሜትር ይነሣ። ከመንገድ ወደ ውስጥ የማይታይ መናፈሻ ማታ ሴት ልጅ የምታልፍበት አይደለም፤ በቆርቆሮ ማጠር የሌለበትም በዚህ ምክንያት ነው። የፀሐይ መብራት ካቆማችሁ ባትሪው ከ4 ሜትር በላይ ይሁን።

የደረቀ ችግኝ በየዓመቱ ይኖራል። ከመተካታችሁ በፊት ነቅላችሁ ሥሩን ተመልከቱ፤ ጥቁርና የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበት ነው፣ ጉብታው ከፍ ይበል። ደረቅና ተሰባሪ ከሆነ ውሃ አጥቶ ነው፤ የዚያን ሳምንት ተረኛ ጠይቁ። ሥሩ ደህና ሆኖ ላዩ ከተቀጠፈ አጥሩን ፈትሹ። በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት አጣናውን ከወይራው ዙሪያ አንሡና ለአዲሱ ችግኝ አጥር አድርጉት።